ሳይቃጠል በቅጠል

በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር




የማኅበሩ የውይይት ኮሚቴ በዚህ ምሽት እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ፣ መጀመሪያ ስለ ትልቅ ነገር ለመናገር አስበን ነበር። ነገር ግን ስለ ሥልጣኔና ስለ መጪው ዘመን የሚናገር ሰው በዚህ አዳራሽ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ከብዙ ክርክር በኋላ እኛ ስለ ራሳችን ጥፋት ለመናገር ቆረጥን። ጥፋቱ ከአንድ መስመር ጽሑፍ የማይበልጥ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ንጹሕ ሰው በሌብነት ዓይን እንዲታይ አድርጓል። ከዚህም በላይ፣ ጥፋቱ ከመድረሱ ከአምስት ወር በፊት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶን ነበር። የዛሬው ንግግራችን ስለዚያ ማስጠንቀቂያና ስለ ሰጪው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተቸገረ ተማሪ ለጽሑፍ ማባዣና ለመጓጓዣ የሚበደርበት አንድ የመረዳጃ ሣጥን እንዳለን ታውቃላችሁ። የሣጥኑ ሒሳብ ቀድሞ በደብተር ይያዝ ነበር። ዓምና አምስት ሆነን፣ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም ጻፍንለት። ፕሮግራሙ በየወሩ ተመላሽ የሚሆነውን ገንዘብ ለየብቻ ይደምራል፤ ጠቅላላውንም ሒሳብ ይይዛል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አንድ ሳንቲም ሳያዛንፍ ሠራ። እኛም በሻይ ቤቱ ደረታችንን ነፍተን ተቀመጥን።

ጳጉሜን 1 ቀን በክረምቱ ግቢ ውስጥ የቀሩ ሦስት ተማሪዎች 450 ብር መለሱ። በማግሥቱ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች 300 ብር መለሱ። ጳጉሜን 3 ቀን ሒሳብ ሲመረመር፣ መዝገቡ በሣጥኑ ካለው ገንዘብ በ750 ብር በልጦ ተገኘ። ሣጥኑን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ቁልፉም ያለው በእርሱ እጅ ብቻ ነው። «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» ተባለ። ይህን ያለው የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከእኛ መካከል አንዱ ነበር፤ የቀረነውም ዝም አልን። ገንዘብ ያዣችን አዲሱን ዓመት በዚህ ዓይነት ዓይን ሲታይ አሳለፈ። ከወንድሙ ተበድሮ የጐደለውን ለመተካት አስቦ እንደ ነበረ የሰማነው ዘግይተን ነው። መስከረም 4 ቀን እውነቱ ተገለጠ፤ ከሣጥኑ አንድ ብር እንኳ አልጐደለም ነበር።

ፕሮግራማችን የየወሩን ድምር የሚያኖረው፣ አሬይ በሚባል፣ 12 ክፍሎች ባሉት ተርታ ውስጥ ነበር። 12 የሚለውን ቁጥር የወሰድነው ከውጭ አገር የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ነው። የእነርሱ ዓመት 12 ወር ነው፤ የእኛ ግን 13 ነው። ጳጉሜን በመጣ ጊዜ ፕሮግራሙ 13ኛ ክፍል ፈለገ፤ አላገኘም። የሲ ቋንቋ ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ «የለም» ብሎ የማቆም ግዴታ የለበትም። በእኛ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙ ከ12ኛው ክፍል ቀጥሎ ያለውን ቦታ እንደ 13ኛ ቆጥሮ ጻፈበት። በዚያ ቦታ የተቀመጠው ደግሞ ጠቅላላው ሒሳብ ነበር። እንግዲህ እያንዳንዱ ተመላሽ ገንዘብ አንድ ጊዜ በደንቡ፣ ሁለተኛ ጊዜ በስሕተት፣ በጠቅላላው ላይ ተደመረ። ፕሮግራሙ ቢቆም ኖሮ ስሕተቱን ባወቅነው ነበር። እርሱ ግን አልቆመም፤ ጸጥ ብሎ ዋሸ።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው እንምጣ። ፕሮግራሙን በሚያዝያ እንደ ጨረስን፣ ከእኛ አንዱ ስታቲክ አናሊሲስ በሚባለው ዘዴ በሚሠራ መርማሪ መሣሪያ አስመርምሮት ነበር። መርማሪው 63 ማስጠንቀቂያ ሰጠ። የመጀመሪያዎቹን አሥር አየን፤ ሰባቱ ስሕተት አልነበሩም። «ይህስ ለፍላፊ ነው» ብለን አፉን ዘጋነው። በመስከረም እንደገና ብንከፍተው፣ በ41ኛው ተራ ላይ «12 ክፍሎች ባሉት ተርታ ውስጥ ቁጥር 12 ሊጠየቅ ይችላል፤ የመጨረሻው 11 ነው» የሚል ቃል ተጽፎ ይጠብቀናል። ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እንደ ተባለው፣ እኛን መከራ መከረን። ይባስ ብሎ መከራውን የተቀበለው ሌላ ሰው ነው።

ስታቲክ አናሊሲስ የሚባለው፣ ፕሮግራሙን ሳያስኬዱ፣ ጽሑፉን ብቻ በማንበብ ስሕተቱን የመፈለግ ሥራ ነው። የሚያነበውም ሰው ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት ላልተማሩ ጓደኞቻችን በምሳሌ እንንገራቸው። እናቶቻችን ምስር ከመቀቀላቸው በፊት በሰፌድ ላይ ዘርግተው ጠጠሩን ይለቅማሉ። በሰፌድ ላይ ያልተለቀመ ጠጠር በኋላ የሚገኘው በጥርስ ነው። ፕሮግራምን እያስኬዱ መሞከር መቅመስ ነው፤ አስፈላጊም ነው። ነገር ግን ቀማሹ የሚያውቀው የጐረሰውን ብቻ ነው። እኛ ፕሮግራማችንን በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ ቀናት ሞክረነው ነበር፤ ሁሉም ትክክል ነበር። ጳጉሜንን ግን አልጐረስናትም።

ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። (በውጭ አገር የተደረጉትን ነገሮች ስንጠቅስ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1970ዎቹ ማብቂያ ስቲቨን ጆንሰን የተባለ የቤል ላቦራቶሪዎች ባለሙያ፣ በሲ የተጻፉ ፕሮግራሞችን የሚመረምር መሣሪያ አወጣ፤ ስሙንም ሊንት አለው። ሊንት ማለት በልብስ ላይ የሚቀር የጥጥ ብናኝ ማለት ነው። መሣሪያው እንዲህ ያለውን ብናኝ ከፕሮግራሙ ላይ የሚለቅም ነው። በ2004 ደግሞ በአሜሪካ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪድ ሆቭማየር የተባለ ተማሪና መምህሩ ዊልያም ፒው፣ ፋይንድባግስ የተባለውን መሣሪያ ለዓለም አስተዋወቁ። ይህ መሣሪያ የሚፈልገው ረቂቅ ነገር አይደለም፤ በጃቫ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚሠሩዋቸውን ግልጽ ስሕተቶች ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው በሚሠራባቸው በታወቁ ፕሮግራሞች ውስጥ እንኳ ብዙ ስሕተት አገኘ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አዋቂ የሚባለውም ሰው የጀማሪ ስሕተት እንደሚሠራ ነው። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለመሥራት ተማሪ መሆን እንደማያግድ ነው።

«መርማሪው ፕሮግራሙን ሳያስኬደው ጳጉሜን እንደምትመጣ እንዴት ዐወቀ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ አላወቀም ነው፤ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን ሰምቶ አያውቅም። ያወቀው ድንበርን ነው። የመሬት ድንበር የሚያካልል ሽማግሌ በማሳው ላይ የበቀለውን ሣር አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ የድንበሩ ድንጋይ የት እንደ ተተከለ ግን ያውቃል። መርማሪውም እንደዚሁ ነው። በሌላ ገጽ ላይ «ወሩ ከ1 ካነሰ ወይም ከ13 ከበለጠ አትቀበል» ብለን ራሳችን ጽፈን ነበር። መርማሪው ይህን አንብቦ «እንግዲያው ተቀባይነት ያገኘ ወር ከ1 እስከ 13 ነው» አለ። ቀጥሎ፣ በሲ ቋንቋ የክፍሎች ቁጥር ከ0 ስለሚጀምር፣ ከወሩ ላይ 1 እንደ ቀነስን አየ፤ «እንግዲያው ከ0 እስከ 12 ነው» አለ። ከዚያም ወደ ተርታው ሲደርስ የተፈቀደው ከ0 እስከ 11 ብቻ ሆኖ አገኘው። 12 ከድንበር ውጭ ነው። በአንዱ ገጽ 13 ወር አምነን፣ በሌላው ገጽ 12 ወር እንደ ጻፍን የገለጠልን ይህ ቀላል ሒሳብ ነው።

ይህን የድንበር ሒሳብ በጽኑ መሠረት ላይ ያቆሙት፣ ፓትሪክ ኩሶና ራዲያ ኩሶ የተባሉ ባልና ሚስት በ1977 ባቀረቡት ጥናት ነው። ትምህርቱ አብስትራክት ኢንተርፕሪቴሽን ይባላል። ዋና ሐሳቡ፣ እያንዳንዱን ዋጋ መከተል ስለማይቻል ዋጋዎቹን ሁሉ የሚያቅፍ ድንበር እንከተል የሚል ነው።

ድንበርን አለመጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓውያን ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰች። ሞተሯ ከተነሣ ከ37 ሰከንድ ገደማ በኋላ ከመንገዷ ወጥታ ከጫነቻቸው አራት ሳተላይቶች ጋር በአየር ላይ ጠፋች። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በ64 ቢት የተያዘ ቁጥር 16 ቢት ብቻ ወዳለው ቦታ ሲዛወር አልበቃ ብሎት ነበር። በ16 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ጽሑፉ የተወረሰው ከቀድሞዋ ሮኬት ከአሪያን 4 ነው። በአሪያን 4 ጕዞ ቁጥሩ ከዚያ ድንበር አልፎ አያውቅም ነበር፤ አዲሲቱ ሮኬት ግን በፍጥነት የምትገሰግስ ነበረች። ተጠባባቂው ኮምፒዩተርም ያንኑ ጽሑፍ የያዘ ስለ ነበረ በዚያው ስሕተት ወደቀ። እኛ ከውጭ አገር መጽሐፍ 12 ወር ወረስን፤ እነርሱም ከአሮጌ ሮኬት የቁጥር ድንበር ወረሱ። የገንዘቡ ልክ ይለያያል እንጂ ጥፋቱ አንድ ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ የአሪያን ፕሮግራሞች በዚህ በድንበር ሒሳብ በሚሠራ መሣሪያ እንዲመረመሩ ተደረገ።

እስካሁን መሣሪያውን አመስግነናል። አሁን ደግሞ ጉድለቱን እንናገር፤ ምክንያቱም ጉድለቱን ደብቆ የሚያመሰግን ሰው ነጋዴ እንጂ ተማሪ አይደለም።

አላን ቱሪንግ በ1936፣ ማንኛውንም ፕሮግራም አይቶ «ይህ ይቆማል፤ ይህ አይቆምም» ብሎ ያለ ስሕተት የሚፈርድ አጠቃላይ ዘዴ እንደማይገኝ አስረዳ። ሄንሪ ጎርደን ራይስ በ1953፣ ፕሮግራም ሲሄድ ስለሚያደርገው ነገር የሚጠየቅ ማናቸውም ቁም ነገር ያለው ጥያቄ እንደዚሁ መሆኑን አረጋገጠ። እንግዲህ ስሕተትን ሁሉ የሚያገኝ፣ ንጹሑንም በሐሰት የማይከስ፣ ለማንኛውም ፕሮግራም መልስ የሚሰጥ መርማሪ ሊሠራ አይችልም። ይህ የገንዘብ ወይም የጊዜ እጥረት አይደለም፤ የሒሳብ ሕግ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ሠሪው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ አንዳንዱን ስሕተት ሊያሳልፍ፣ ወይ አንዳንዱን ንጹሕ ሊከስ ነው።

ምንም ስሕተት እንዳያመልጥ የመረጡ አሉ። በፓሪስ በኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር በፓትሪክ ኩሶ መሪነት የተሠራው አስትሬ የተባለው መርማሪ ከእነዚህ ነው። በ2003 የኤርባስ ኤ340 አውሮፕላንን በረራ የሚቆጣጠረውን ዋና ፕሮግራም መረመረ። ፕሮግራሙ 132 ሺህ መስመር የሲ ጽሑፍ ነበር። መርማሪው በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ቁጥር ከድንበር ማለፍንና በዜሮ ማካፈልን የመሰለ በሥራ ላይ የሚደርስ ስሕተት በውስጡ እንደሌለ አረጋገጠ። ይህ የተቻለው ግን መሣሪያው ለዚያ ዓይነት ፕሮግራም ተብሎ በብዙ ድካም ስለ ተስተካከለ ነው።

አንዳንዱን ለማሳለፍ የመረጡም አሉ። እነዚህ በብዙ ዓይነት ፕሮግራም ላይ ይሠራሉ፤ የሚያመልጣቸው ግን አለ። ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው፣ በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር የሚጠብቀው ፕሮግራም፣ ከ2012 ጀምሮ አንድ ከባድ ስሕተት ይዞ ነበር። ጠያቂው «ይህን ያህል ርዝመት ያለው ቃል ልኬልሃለሁና መልስልኝ» ሲለው፣ የተላከለት ቃል እውነት ያን ያህል መሆኑን ሳይለካ፣ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የራሱን ማኅደር ገልብጦ ይሰጥ ነበር። ሃርትብሊድ የተባለው ይህ ስሕተት የታወቀው በሚያዝያ 2014 ነው። በዚያን ጊዜ ስመ ጥር የነበረው የኮቨሪቲ መርማሪ አላገኘውም ነበር፤ ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ግን ሠሪዎቹ እንዲህ ያለውን የሚያገኝ ዘዴ ጨመሩለት። ስለዚህ «መርማሪው ምንም አላለም» ማለት «ስሕተት የለም» ማለት አይደለም።

በዚያው ዓመት በየካቲት የታወቀው የአፕል ኩባንያ ስሕተት ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። የሌላውን ወገን ማንነት በሚያረጋግጠው ክፍል ውስጥ፣ «ወደ መጨረሻው ዝለል» የምትል አንዲት መስመር በስሕተት ሁለት ጊዜ ተጽፋ ነበር። ሁለተኛይቱ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የምታዘልል ስለ ሆነች፣ ከእርሷ በታች ያለው የማረጋገጫ ሥራ ፈጽሞ አይደረስበትም ነበር። «ይህ ጽሑፍ የማይደረስበት ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰላንግ በሚባለው ኮምፓይለር ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ካላዘዙት የማይናገር ነበር። ጠባቂው በበሩ ላይ ቆሞ ሳለ ተናገር ያለው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገራችን እንደርሳለን። እኛ እንደምናምነው፣ የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሒሳብ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያውን የሚሰማው ሰው ጠባይ ነው።

«ቀበሮ መጣ» እያለ መንደርተኛውን በሐሰት ያስሮጠውን እረኛ ተረት ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። በመጨረሻ ቀበሮው እውነት ሲመጣ የሚሰማው አጣ። የኮቨሪቲ ሠሪዎች በ2010 ስለ ሥራቸው በጻፉት ጽሑፍ፣ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ከመቶ 30 ካለፈ ሰዎች መሣሪያውን ችላ ማለት እንደሚጀምሩ ገልጸዋል። እኛም ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሰባቱን ሐሰት ባገኘን ጊዜ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከተረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይዘነጋል። እረኛው ዋሽቷል፤ በጎቹን ያጡት ግን መንደርተኞቹ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። የፌስቡክ ኩባንያ ባለሙያዎች ኢንፈር ስለተባለው መርማሪያቸው በ2019 በጻፉት ጽሑፍ የሚያስገርም ነገር አለ። መጀመሪያ መርማሪው ሌሊት ሲሠራ አድሮ የስሕተቶቹን ዝርዝር ለፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ይሰጥ ነበር፤ የሚያርመው ሰው ከዜሮ ብዙም አልራቀም። በኋላ ያንኑ ምርመራ፣ ጸሐፊው አዲስ ጽሑፍ ለጓደኞቹ ሲያቀርብ እዚያው በመስመሩ አጠገብ እንዲናገር አደረጉ። ከሚነገሩት ስሕተቶች ከመቶ ከ70 በላይ የሚሆኑት ይታረሙ ጀመር። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ሒሳቡም ያው ነው። የተለወጠው ምክሩ የሚመጣበት ሰዓት ብቻ ነው። ሰው ስለ ጻፈው ነገር ገና ሲያስብ ቢነግሩት ይሰማል፤ ከወር በኋላ 63 ስሕተት አንድ ላይ ቢያሸክሙት ግን ሸክሙን ጥሎ ይሄዳል። እኛ መርማሪውን የጠራነው ሥራው ካለቀ በኋላ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ይኸውም ማስጠንቀቂያውን ሳይረዱ ዝም ማሰኘት ነው። በ2006 ለዴቢያን የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚሠሩ ሰዎች፣ አሁን በጠቀስነው በኦፕንኤስኤስኤል ላይ «ዋጋ ያልተሰጠው ማኅደር ተነበበ» የሚል ማስጠንቀቂያ አገኙ። ያ መሣሪያ ሳያስኬድ ሳይሆን እያስኬደ የሚመረምር ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋ ሁለት መስመሮች ከሥራ ውጭ ተደረጉ። ማስጠንቀቂያውም ጠፋ። ነገር ግን ከእነዚያ መስመሮች ጋር የምስጢር ቁልፍ የሚፈለፈልበት የዕድል ምንጭ አብሮ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ ሊወጣ የሚችለው ልዩ ልዩ ቁልፍ ወደ 32 ሺህ ገደማ ብቻ ሆነ። ይህን ያህል ቁልፍ ኮምፒዩተር በጥቂት ጊዜ ሞክሮ ይጨርሰዋል። ይህ የታወቀው በግንቦት 2008 ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ክፍት ነበር ማለት ነው። ሕመሙ ሳይታወቅ ማስታገሻ እንደ መዋጥ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በክፍል ውስጥ ስንከራከር ከጓደኞቻችን ሦስት ተቃውሞ ተነሥቶብናል፤ እያንዳንዱም መልስ ይገባዋል።

የመጀመሪያው «ማሽን የሚያርመው ተማሪ አእምሮው ይሰንፋል» የሚል ነው። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መርማሪው አያርምም፤ ይጠይቃል። «ይህ ቁጥር 12 ቢሆንስ?» ሲል፣ ሊሆን ይችል ወይም አይችል እንደ ሆነ መመለስ የእኛ ፈንታ ነው። ያችን አንዲት ጥያቄ ለመመለስ ብንቀመጥ ኖሮ፣ ስለ ፕሮግራማችን ከሙከራው ሁሉ ይልቅ በተማርን ነበር።

ሁለተኛው «እንዲህ ያለው መሣሪያ ለሀብታም ኩባንያ ነው» የሚል ነው። እንዲህ አይደለም። ኢንፈር ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ ተለቋል። የሰላንግ መርማሪና ሲፒፒቼክም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም በ2020 ከወጣው ከ10ኛው እትሙ ጀምሮ የራሱን መርማሪ ይዟል። በቤተ ሙከራችን ባሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ትንንሽ ሥራዎቻችንን ለመመርመር ምንም አያግደንም።

ሦስተኛው «ዛሬ ፕሮግራሙን ራሱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፈው የለምን?» የሚል ነው። ይጽፋል፤ ያውም ሰው ሊያነበው ከሚችለው ፍጥነት በላይ ይጽፋል። ምስሩ በበዛ ቁጥር ግን ለቀማው ይጨምራል እንጂ አይቀርም። ደግሞም 12 ወር የሚለውን ምሳሌ ያገኘነው ከውጭ መጽሐፍ ከሆነ፣ እንደዚያ ባሉ ጽሑፎች ተምሮ የሚጽፍልን ማሽን 13ኛውን ወር ያስታውሳል ብለን እርግጠኞች ልንሆን አንችልም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ሰፊ ትርጉም አለው። የፊደላችን ነገርም እንዲሁ ነው። በዛሬው የኮምፒዩተር አጻጻፍ፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ሥርዓት፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ነው። «ወልደ ገብርኤል» የሚለው ስም 8 ፊደላትና አንድ ባዶ ቦታ ነው። ይህ 25 ባይት ይሆናል፤ በሲ ቋንቋ የመጨረሻው ምልክት ሲጨመር 26። ለስም 20 ቦታ ይበቃል ብሎ የጻፈ ሰው ስሙን ያፈሰዋል። ርዝመቱን ሳይለኩ ስምን ወደ ጠባብ ቦታ መገልበጥ መርማሪዎች ፈጥነው ከሚያገኙዋቸው ስሕተቶች አንዱ ነው። እንግዲህ በአገራችን አቆጣጠርና በፊደላችን የምንሠራ ሰዎች፣ ለሌላ አገር ልማድ የተለካ ቍጥር በፕሮግራሞቻችን ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚገኝ፣ ይህ ምርመራ ከሌላው ይልቅ ይጠቅመናል።

ሁሉንም ያገኝልናል ግን አንበል። ፕሮግራሙን ካረምን በኋላ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበትን ዓመት የሚያሰላ መስመር ጨመርን። ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል 6 ቀን ትሆናለች ብለን ጻፍን። መርማሪው ቃል አልተናገረም፤ ከድንበር የወጣ ነገር የለምና። ስሕተቱን ያገኘው በልጅነቱ ባሕረ ሐሳብ የተማረ አንድ ጓደኛችን ነው። «ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ሲሆን ነው» ብሎ ሳቀብን። በእርግጥም 2015 ዓ.ም. ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው፤ በዚያም ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። መርማሪው የጻፍነው እርስ በርሱ መጋጨቱን ያውቃል፤ የጻፍነው እውነት መሆኑን ግን አያውቅም። ለዚህ ሰው ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜም የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ንግግራችንን በአራት ሐሳቦች እንዘጋለን።

1ኛ፦ መርማሪው ሥራው ሲያልቅ ሳይሆን ሥራው ሲጀመር ይጠራ። በየዕለቱ ሦስት ማስጠንቀቂያ ማንበብ ይቻላል፤ በዓመቱ መጨረሻ 63 ማንበብ አይቻልም።

2ኛ፦ የቆየ ፕሮግራም ያለው ሰው በዝርዝሩ ብዛት ተስፋ አይቍረጥ። የቀድሞውን ዝርዝር ለብቻው ያኑር፤ አዲስ ማስጠንቀቂያ ግን አንድም አያስገባ፤ የቀድሞውንም ቀስ በቀስ ይቀንስ።

3ኛ፦ ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት የፈለገ ሰው ምክንያቱንና ስሙን በመስመሩ አጠገብ ይጻፍ። ምክንያቱን መጻፍ ያልቻለ ሰው ማስጠንቀቂያውን አልተረዳውም።

4ኛ፦ መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምንለምነው አለ። የቤት ሥራችንን ስንሰጥ የመርማሪውን ማስጠንቀቂያዎች ከነማብራሪያችን አብረን እንድናስረክብ ይዘዙን። ነገር ግን በማስጠንቀቂያው ብዛት ነጥብ አይቀንሱብን፤ እንዲያ ከሆነ ሁላችንም አፍ መዝጋትን እንማራለን። ነጥብ የሚቀነሰው ማብራሪያ ስላጣ ማስጠንቀቂያ ይሁን።

ገንዘብ ያዣችን በዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ተቀምጧል። በመስከረም በግል ይቅርታ ጠይቀነው ነበር፤ ነገር ግን የተጠረጠረው በአደባባይ ስለ ሆነ ይቅርታውም በአደባባይ ሊሆን ይገባል። ወንድማችን ሆይ፣ የጐደለ ብር አልነበረም፤ የጐደለው አንድ ክፍል ነበር፤ እርሱንም ያጐደልነው እኛ ነን። ማሽኑ ነግሮን አልሰማንም፤ አንተም ነግረኸን አልሰማንህም። ይቅር በለን።

አሁን ተርታው 13 ክፍሎች አሉት። ገንዘብ ያዣችን ግን ሒሳቡን ከፕሮግራሙ ጐን በአሮጌው ደብተርም መያዝ ጀምሯል። እኛም ትክክል ነው ብለናል።